ኡቡንቱ ጠፋብኝ፣ ላፕቶፑ ቀጥታ ዊንዶውስ ይከፍታል! እባካችሁ ቶሎ

ማሂ ከሀዋሳ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ (ሊኑክስ) አብረው ነበሩ። ሲበራ የቱ እንዲከፈት የሚያስመርጥ ሜኑ ይመጣ ነበር። ትናንት ፒያሳ አካባቢ ባትሪ አስቀየርኩ። ዛሬ ሜኑው የለም፣ ቀጥታ ዊንዶውስ ይገባል። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ያለው ኡቡንቱው ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ ማሳየት አለብኝ። የምታውቁ ድረሱልኝ!

የአቶቴው፦ ሲበራ ኤፍ12 ተጫኚ፣ ኡቡንቱን ምረጪ። አለቀ።

ኮድ አፍቃሪ፦ መጀመሪያ ነገር፣ አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሲስተም ለምን ይጫናል? ዛሬም ነገም ጣጣው አያልቅም። ዊንዶውስ ላይ ቨርቹዋል ማሽን (ሌላ ሲስተም በውስጡ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ጫኚና ተገላገይ።

ማሂ ከሀዋሳ፦ ወንድሜ፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ስከፍትበት ማውሱም አይንቀሳቀስ። ደግሞ አሁን የቸገረኝ ያለውን ማውጣት ነው።

ዓሣ በዳጣ፦ ሠሪው ባትሪውን ሲነቅል ኡቡንቱንም አብሮ ነቅሎት ይሆናል 😂 የምሬን ግን፣ መጀመሪያ ስትከፍችው ቀኑ ትክክል ነበር? ወደ ኋላ ሄዶ ከነበረ ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ሴቲንጉን ረስቷል ማለት ነው።

ማሂ ከሀዋሳ፦ አዎ! ዋይፋይ እስካገናኘው ድረስ ዓመቱ በጣም ወደ ኋላ ሄዶ ነበር።

ሊኑክስ ወዳጅ፦ ይሄ በኦገስት 2024 የመጣው ችግር ነው። ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ የብዙ ሰው ሊኑክስ እምቢ ብሎ ነበር። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ማስነሻ ፋይል የሚከለክለውን) አጥፊው።

ዓሣ በዳጣ፦ አይደለም። ያኛው ሊኑክሱን ለመክፈት ሲሞከር «ኤስባት» የሚል የስህተት መልእክት ያሳይ ነበር። እሷ ጋ ሊኑክሱ ጭራሽ አልተጠራም። ሴኪዩር ቡቱን አትንኪው።

መምህር ከአዳማ፦ ልጄ፣ አትደንግጪ። ባትሪ መቀየር ዲስክ ላይ ያለ ፋይል አያጠፋም። የትኛው ሲስተም ቀድሞ እንደሚነሳ የሚነግረው ዝርዝር ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ነው። የኡቡንቱ ማስነሻ ፋይል ግን ዲስኩ ላይ፣ ኢኤፍአይ በምትባል ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ውስጥ ነው። የጠፋው ዝርዝሩ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ዊንዶውስ ኡቡንቱ ያለበትን፣ እሱ የማያውቀውን ፓርቲሽን «ፎርማት ይደረግ?» ካለሽ እሺ እንዳትዪ። እሺ ካልሽ በእርግጥም ጠፋ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ ደግሞ ባዮስ ከመንካትሽ በፊት 48 አሃዝ ያለውን ቁልፍ ከማይክሮሶፍት አካውንትሽ ጻፊና ያዢ። ከዚህ በኋላ ፕሮጀክትሽን ፍላሽ ላይም ገልብጪ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምለምነው ይህንኑ ነው።

ማሂ ከሀዋሳ፦ እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ ነፍሴን መለሷት። ኤፍ12 ምንም አያመጣም። ላፕቶፑ ኤችፒ ነው። ኤስኬፕ፣ ከዚያ ኤፍ9 ስል ዝርዝር ይመጣል፣ ያለው ግን ዊንዶውስ ብቻ ነው።

የአቶቴው፦ ኤፍ12ን ቶሎ ቶሎ ደጋግመሽ ተጫኚ።

ኮድ አፍቃሪ፦ ካልሆነ አዲስ ኡቡንቱ በላዩ ጫኚ።

ጨለማ ስክሪን፦ አዲስ እንዳትጭኚ! ኤችፒ ላይ ያው የኤፍ9 ዝርዝር ታች «ቡት ፍሮም ኢኤፍአይ ፋይል» የሚል አብዛኛው ጊዜ አለ። እሱን ክፈቺ። ከአንድ በላይ ዲስክ ካሳየሽ አንድ በአንድ ግቢ፣ «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር ያለበትን እስክታገኚ። ከዚያ «ኡቡንቱ» ፎልደር ውስጥ ገብተሽ «ሺም» (shim) ብሎ የሚጀምረውንና 64 ያለበትን ፋይል ምረጪ። «ግራብ» (grub፣ ሜኑውን የሚያሳየው) የሚለውን አይደለም፤ ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ እሱ በቀጥታ አይነሳም። ሺሙ ግን የተፈረመ ስለሆነ ያልፋል። የድሮው ሜኑሽ ይመጣል፣ ኡቡንቱ ግቢ።

ይህ ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንዲጸና ተርሚናል ከፍተሽ ሱዶ ግራብ-ኢንስቶል (sudo grub-install)፣ ቀጥሎ ሱዶ አፕዴት-ግራብ (sudo update-grub) በይ። የመጀመሪያው ኡቡንቱን ወደ ማዘርቦርዱ ዝርዝር ይመልሰዋል። ነገ ጠዋት ፕሮጀክት ካለሽ ግን መጀመሪያ ፋይልሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ፣ ትእዛዙ ይደርሳል።

ሊኑክስ ወዳጅ፦ ልጨምር። ከአፕዴት-ግራብ በኋላ ዊንዶውስ ከሜኑ ቢጠፋ አትደናገጪ። ከግራብ 2.06 ጀምሮ ሌላ ሲስተም መፈለጉ በዲፎልት ጠፍቷል። ኢቲሲ፣ ከዚያ ዲፎልት ውስጥ «ግራብ» የሚል ፋይል አለ። «ግራብ ዲሴብል ኦኤስ ፕሮበር» (GRUB_DISABLE_OS_PROBER) የሚለውን መስመር «ፎልስ» (false) አድርጊውና አፕዴት-ግራብን ድገሚው።

መምህር ከአዳማ፦ ማሂ ልጄ፣ ተከፈተልሽ?

ቢቱ፦ ይቅርታ፣ እኔም ተመሳሳይ ገጥሞኛል፣ የኔ ግን ዴል ነው። ኢኤፍአይ ፋይል የሚል ምርጫ ኤፍ12 ላይ አላየሁም።

ጨለማ ስክሪን፦ ዴል ከሆነ ኤፍ2 ብለህ ባዮስ ግባ። የቡት ቅደም ተከተሉ ያለበት ገጽ ላይ «አድ ቡት ኦፕሽን» አለ። ያንኑ የሺም ፋይል ምረጥለት፣ ስም ስጠው፣ ከዊንዶውስ በላይ አድርገውና ሴቭ ብለህ ውጣ።