«ይርጋ» እና «ምሕረት» በሕግ ቋንቋ ምን ማለት ናቸው?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ጎረቤቴ ለአንዲት ባለጉዳይ «እናቴ፣ ይህ የብድር ነገር በይርጋ ቀርቷል» ሲላቸው ሰማሁ። ሬዲዮው ደግሞ «የሰው ዘር ማጥፋት ይርጋ የለውም» ይላል። ለምን አንዱን ያግዳል፣ ሌላውን ይተዋል?

አዘዞ፦
ይርጋ ማለት ለመክሰስ ሕግ የወሰነው ጊዜ ካለፈ ክሱ አይሰማም ማለት ነው። ሥሩ «ረጋ» ነው፤ ነገሩ ይርጋ፣ ሙግቱ ይብቃ እንደማለት። ለውል የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመደበኛው 10 ዓመት ይሰጣል። ይህም ተገቢ ነው፤ ምስክር ይሞታል፣ ወረቀት ይጠፋል። የጅምላ ግድያ ግን ሌላ ነው። ገዳዩ ወንበር ላይ እያለ ማን ደፍሮ ይከሰዋል? ደርግ 17 ዓመት ገዝቷል፤ ይርጋ ቢቆጠር ኖሮ ዘመኑ የሚሮጠው ለገዳይ ነበር። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 የሰው ዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርን «በይርጋ አይታገድም» አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

እናት ዘቀሐ፦
ልጆቼ፣ ምሕረትንም አትዝለሏት። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል፣ ጥፋተኝነቱ ግን መዝገብ ላይ ይኖራል። ምሕረት ወንጀሉንም እንዳልተፈጸመ ያደርገዋል። ለእነዚያ ከባድ ወንጀሎች አንቀጽ 28 ሁለቱንም ከልክሏል፤ ለርዕሰ ብሔሩ የተተወለት የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ ማውረድ ብቻ ነው። ለኛ ከተማ ይህ ባዶ ቃል አይደለም። በቀይ ሽብር ጊዜ የጎንደር እናት የደርጉን አስተዳዳሪ መላኩ ተፈራን ምን ብላ ነበር?
«መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።»
ምሕረት የሚለመነው ከበዳዩ ነበር፣ ያውም ምንም ላላጠፋ ልጅ! ያ አስተዳዳሪ ኋላ ችሎት ቆሞ ጥፋተኛ ተብሏል። ያን ቀን ያላዩ እናቶች ያሳዝኑኛል።

የማራኪ ልጅ፦
እግዜር ያክብርልኝ፣ እናቴ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውስ ታዲያ?

አዘዞ፦
እሱን የናዚ ሹማምንት የተዳኙበት የኑረምበርግ ችሎት ሻረው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 እና 46። ሹመት መከላከያ አይሆንም ተባለ። «ታዝዤ ነው» ማለትም ቅጣት ያቀልል እንደሆነ እንጂ ነጻ አያወጣም። አገራችን የሰው ዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን ስምምነት ለማጽደቅ ከሁሉም ቀድማለች፣ እ.ኤ.አ. በ1949። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግማ ከስምምነቱም አልፎ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም ጨመረ። የቀይ ሽብር ባለሥልጣናት «በዘር ማጥፋት» የተከሰሱት በዚያ አንቀጽ ነው፤ «የተገደሉት እኮ በብሔራቸው አይደለም» እያላችሁ ለምትከራከሩ መልሱ ይኸው።

እናት ዘቀሐ፦
መንግሥቱ ኃይለማርያምስ ልጄ?

አዘዞ፦
በሌለበት ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባለ፣ ግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት። ዚምባብዌ ግን አልሰጠችም። አስፈጻሚ ከሌለ ፍርዱ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ያንገበግበኛል። ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤትም የራሱ ፖሊስ የለውም፣ የሚያሲዘው በአገሮች እጅ ነው። ለዚያ ዘመን ደግሞ አይደርስም፦ ሥልጣኑ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2002 ወዲህ ለተፈጸመ ብቻ ነው፣ ኢትዮጵያም አባል አይደለችም።