እምቦጭን በግቢ ኩሬ ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር በሚገኘው ግቢያችን ጥልቀቷ ሰባ ሳንቲሜትር የሆነች የሲሚንቶ ኩሬ አሠርተናል፤ ይሁን እንጂ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ጎረቤታችን እምቦጭ ውሃውን እንደሚያጠራና አበባውም እንደሚያምር ነግረውናል። ብናስገባው ጉዳት አለው? ካለውስ በምትኩ ምን እንትከል?

መልስ 1፦
እባክዎ አያስገቡት። እምቦጭ ከውሃ ውስጥ ንጥረ ነገር መምጠጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ የሐይቁ ዳርቻ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ውሃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ኩሬዋ በክረምት ሞልታ ብትፈስ ወይም ጭቃዋ ተጠርጎ ቦይ ውስጥ ቢጣል፣ በእርስዎ ከተማ መድረሻው ሐይቁ አለዚያም ዓባይ ነው። ጎረቤትዎም ካላቸው ነቅለው፣ ከውሃ ርቆ በፀሐይ አድርቀው እንዲያቃጥሉት በአክብሮት ቢነግሯቸው መልካም ነው።

መልስ 2፦
ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ብርሃንና ንጥረ ነገር ሲያገኝ ስለሚራባ፣ መፍትሔው ሁለቱን መቀነስ ነው። ቅጠሉ በውሃ ላይ የሚነጠፈው የውሃ አበባ ለዚህ ይስማማል፤ የኩሬዋን ገጽ ግማሽ ያህል ሲሸፍን አልጌው ብርሃን ያጣል። ሰፊ ማሰሮ ወይም ሳፋ ውስጥ ከባድ ሸክላማ አፈር ሞልተው፣ ወፍራም ሥሩን አጋድመው፣ የሚያቆጠቁጠው ጫፍ ከአፈሩ በላይ እንዲቀር አድርገው ይትከሉት፤ አፈሩ እንዳይበተንም ላዩን በጠጠር ይሸፍኑ። ፍግ ፈጽሞ አይጨምሩ፤ አልጌውን መመገብ ይሆናል። ማሰሮውን መጀመሪያ በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡና ቅጠሉ እየረዘመ ሲሄድ ዝቅ ያድርጉት። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኘ አያብብም፤ የረገፈ ቅጠልም ሳይበሰብስ መልቀም ያስፈልጋል።

መልስ 3፦
እኔ ደንገል እጨምራለሁ፤ ታንኳው የሚሠራበት የጣና ተክል ስለሆነ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ሥሩ ስለሚስፋፋና ቁመቱም ከሰው በላይ ስለሚሆን በማሰሮ ተወስኖ ከኩሬዋ ጠርዝ ይቀመጥ። ለወባ ትንኝ እጭ ዓሣ የሚያስገቡ ከሆነ ግን ተክሎቹ ሥር እስኪሰዱ ይጠብቁ፤ ቀረሶ የተባለው ዓሣ ለጋ ቅጠል ይቀነጥሳል፣ ሲራባም አፈር ይቆፍራል።