በገጠር ጥቃትን የሚከላከሉ ሴቶችን ከሐዋሳ ሆነን በምን እንደግፋቸው?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረውም የምሠራውም ሐዋሳ ነው። አክስቴ ከሲዳማ ቡና አብቃይ ወረዳዎች በአንዱ፣ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ትኖራለች፤ ለደኅንነቷ ስል የቀበሌውን ስም አልጠቅስም። በአካባቢው ሴት ልጅ ስትጠለፍ፣ ሚስት ስትደበደብ ሰው ከፖሊስ በፊት የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ማንም አልሾማትም። ከጥቂት ጎረቤቶቿ ጋር ሆና የተጎዳችውን ታሳድራለች፣ ሲነጋ ሞተር ተከራይታ ወደ ወረዳው ከተማ ትወስዳታለች። ኪራዩን የምትከፍለው ቅቤ ሸጣ ነው።

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ሊድሩ ሲዘጋጁ፣ ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጋር ሆነው ጋብቻውን አስቆሙት። ከዚያ ወዲህ የወንዱ ወገኖች ይዝቱባታል። አንድ ሌሊት ጓሮዋ ያሉት የቡና ችግኞች ተነቅለው አደሩ። አሁን ደግሞ «ነገሩን ተዪውና እንታረቅ» እያሉ ሽማግሌ ይልኩባታል።

እኛ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ዕቁብ አለን፤ የተወሰነ ገንዘብ ለይተን ልንረዳቸው ተስማምተናል። በምን እንደምንረዳ ግን መስማማት አልቻልንም። አንዳንዶቻችን በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት ለሚወገዝበት ለኅዳር 16 የነጭ ሪባን ቀን ሴቶቹን ሐዋሳ አምጥተን በሆቴል ሥልጠና እንስጣቸው፣ ቲሸርትም እናሳትም ይላሉ። ሌሎች በየወሩ ለአክስቴ ገንዘብ እንላክላት ይላሉ። እኔን ሁለቱም ያሰጉኛል። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ በእርግጥ የሚጠቅማቸው ምንድን ነው? ገንዘቡ በመካከላቸው ጠብ እንዳያስነሣ እንዴት ይሰጥ? ለሽማግሌዎቹስ ምን ትበላቸው?

የቀድሞ የወረዳ ባለሙያ፦

እህቴ፣ እዚያው ሲዳማ ውስጥ በአንድ ወረዳ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። የሆቴሉን ሥልጠና ተዉት። አክስትሽና ጎረቤቶቿ ጥቃት ወንጀል መሆኑን አውቀው ነው ችግኛቸው እስኪነቀል የቆሙት። የሚቸግራቸው መንገዱ ነው።

መንገዱ የት የት እንደሚቆረጥ ልንገርሽ። መጀመሪያ ሌሊት ነው፤ ብዙው ጥቃት የሚደርሰው ከመሸ ሲሆን በዚያ ሰዓት መጓጓዣ የለም። ቀጥሎ በጤና ጣቢያና በፖሊስ መካከል ይቆረጣል፤ የሕክምና ማስረጃው አንድ ቦታ፣ መዝገቡ ሌላ ቦታ ሆኖ የሚያገናኘው ሰው ይጠፋል። ከሁሉም የከፋው የምስክር ጉዳይ ነው። ምስክሮቹ ከገጠር ተነሥተው ፍርድ ቤት ይደርሳሉ፣ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የመጓጓዣ የለም፣ የምሳ የለም፤ በዚህ መካከል የተከሳሹ ዘመዶች ቤታቸው ድረስ ይመላለሳሉ። እንደገና ሲቀጠር የሚመጣ ሰው ይጠፋና መዝገቡ ይዘጋል። እንዲህ የተዘጉ መዝገቦችን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ገንዘባችሁ ለተጎጂዋና አብራት ለምትሄደው ሴት መጓጓዣ፣ ለምስክሮች የቀጠሮ ቀን ወጪ፣ ለስልክ ካርድ ይዋል። ትንሽ ይመስላል፤ ጉዳዩን ከቀበሌ እስከ ፍርድ የሚያደርሰው ግን ይኸው ነው።

ለአክስትሽ ብቻ መላኩ አያዋጣም። «ከከተማ ገንዘብ ይመጣላታል» የሚል ወሬ አንዴ ከተነሣ የምትሠራው ሁሉ ለገንዘብ ተብሎ ይቆጠራል፤ ለሚዝቱባትም መሣሪያ ይሆናል። ሦስት ሴቶች ራሳቸው ይምረጡ፤ አንዷ ገንዘቡን ትያዝ፣ አንዷ በደብተር ትመዝግብ፣ ሦስተኛዋ ወጪውን ትፍቀድ። የሴቶች ዕድር ካላቸው በእሱ ሥር ቢሆን ይሻላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርን አይመለከትም፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ሲሉ እንደ ድርጅት መመዝገብ አይጠበቅባቸውም።

አንድ ቁጥር ለባልደረቦችሽ ንገሪያቸው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከጠየቁትም ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። ያቺ ጎረቤት አክስትሽ ናት። እሷ ከተሸነፈች በዚያ ቀበሌ የሚንኳኳ በር አይኖርም።

አዋላጅ ነርስ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ከሕክምና በኩል አክስትሽና ጓደኞቿ በቃላቸው ሊይዙት የሚገባ ነገር አለ። የተደፈረች ሴት ወይም ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ አለባት፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከዚያ በኋላ አይጀመርም። ቶሎ በመጣች ቁጥር የተሻለ ነው። እርግዝናን የሚከላከለው የአስቸኳይ ጊዜ መድኃኒት እስከ 5 ቀን ሊሰጥ ይችላል። ከመምጣቷ በፊት ገላዋን አትታጠብ፤ የለበሰችውን ልብስ ከቀየረች ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ይምጣ፤ ፌስታል ውስጥ ሲቆይ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል። እናቶች ልጃቸውን አዝነው መጀመሪያ የሚያደርጉት ማጠብ ነው፤ አይፈረድባቸውም፤ ስለዚህ አስቀድሞ መንገር ነው። ታጥባ ከሆነም ይዛችኋት ኑ፤ ሕክምናው አይቀርባትም።

ከተደፈረች በኋላ ያረገዘች ካለች ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት ጽንሱን በጤና ተቋም ማቋረጥ የተፈቀደ ነው። ለዚህ የራሷ ቃል ይበቃል፤ የፖሊስ ወረቀት አያስፈልግም። ብዙ ሴቶች ይህን ስለማያውቁ በድብቅ ሲሞክሩ ይሞታሉ።

በቀበሌው ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አትርሱ። ቤት ለቤት ስለሚገቡ ማንም አይጠረጥራቸውም፤ ለአክስትሽ ከእነሱ የተሻለ አጋር አይገኝም።

የሕግ ሰው (ሐዋሳ)፦

ለጠያቂዋ፦ በመጀመሪያ የቀድሞዋን ባለሙያ በአንድ ነገር ላርማቸው። ለምስክር ገንዘብ በእጁ አትስጡ። የተከሳሽ ጠበቃ «ተከፍሎህ ነው የመጣኸው» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ ያኔ ጥሩ ምስክርነት ይበላሻል። መኪናውን እናንተ ተከራዩ፣ ምሳውን እናንተ ክፈሉ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ለዐቃቤ ሕጉም አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ስለ ሽማግሌዎቹ። አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋና ያለ ዕድሜ ጋብቻ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታዩ ወንጀሎች አይደሉም፤ ቤተሰብ ቢታረቅም ክሱ አይቀርም። ጠለፋ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ በኋላ ቢጋቡም ጠላፊው ከተጠያቂነት አያመልጥም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት የሚድንበት በር ነበር፤ በግንቦት 1997 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ዘጋው። ያንን አሮጌ በር እስከ ዛሬ ክፍት የሚመስላቸው ሽማግሌዎች ስላሉ አክስትዎ ይህን ትንገራቸው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በአንቀጽ 648 ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ያሳስራል። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ሚስትን መደብደብ አንቀጽ 564 ያለበት ወንጀል ነው። ሕጉ ክፍተት እንዳለውም ልናገር፦ አንቀጽ 620 ስለ አስገድዶ መድፈር ሲደነግግ ከጋብቻ ውጭ ያለውን ብቻ ነው የሚመለከተው፤ ባሏ ያስገደዳት ሴት ስትመጣ በአካል ጉዳት በኩል ከመሄድ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ይህ መለወጥ ያለበት ነው።

ዛቻውን በተመለከተ አክስትዎ ማን፣ መቼ፣ ማን በሰማበት ምን እንዳላት ታስጽፍ። የችግኙ መነቀል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ለወረዳው ፖሊስ አመልክታ የመዝገብ ቁጥር ትያዝ። አስቸኳይ ከሆነ የፖሊስ ነፃ መስመር 991 አለ። ለተጎጂዎች በነፃ ጠበቃ ለማግኘት ሐዋሳ ላይ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። መጠለያ ለሚያስፈልጋቸው ሴቶች የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ሐዋሳ ውስጥ ማረፊያ አለው፤ አዳማም አለው።

የይርጋለም ልጅ፦

ሕጉን ማወቁ መልካም ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቹን ሁሉ በጠላትነት ከያዛችኋቸው አክስትሽ ብቻዋን ትቀራለች፤ እናንተ ሐዋሳ ናችሁ፣ እሷ ነገም ከእነሱ ጋር ነው የምትኖረው። በሲዳማ ሴቶች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ሚስቱን የደበደበ ወይም የሴቶችን ክብር የነካ ሰው ሲኖር ሴቶቹ ሲቋቸውን፣ ማለትም የክብር በትራቸውን፣ ይዘው በመሪያቸው በቃሪቾዋ እየተመሩ ያካ፣ ማለትም የሴቶች የተቃውሞ ሰልፍ፣ ይወጣሉ፤ ይቅርታ ጠይቆ ካሳ እስኪከፍል አይመለሱም። ይህን አያቶቻችን ያውቁታል፤ ሽማግሌም ቢሆን ሲቆ በያዘች ሴት ፊት አይደፍርም። በአካባቢዋ ቃሪቾ ካለች አክስትሽ መጀመሪያ ከእሷ ጋር ትምከር። ከሶንጎ (ከባህላዊው ሸንጎ) ሽማግሌዎችም ልጆቻቸውን ያስተማሩ፣ እውነት የሚወዱ አሉ፤ እነሱን ለይታ ከጎኗ ታሰልፍ።

ከምባታን ተመልከቱ። በ2012 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከምባቲ መንቲ ገዚማ የተባለውን የሴቶች ድርጅት ሲመሩ የሴት ልጅ ግርዛትን የተዋጉት ወንዱንም ሴቱንም፣ ሽማግሌውንም ወጣቱንም በየመንደሩ አንድ ላይ አስቀምጠው በማወያየት ነው። ጊዜ ወስዷል፤ ግን ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ስትዳር፣ ሙሽራው ኮርቶ አጠገቧ ሲቆም አገር አይቷል።

ከአዳማ፦

የይርጋለም ወንድሜ ያልከው በእኛም ዘንድ አለ። በአርሲ ኦሮሞ ሴት ስትበደል ሲንቄዋን፣ ማለትም የክብር በትሯን፣ ይዛ ትጮኻለች፣ የሰሙት ሁሉ የራሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። አከብረዋለሁ፣ እናቴም ወጥታለች። ሆኖም አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ሲንቄ የሚሰጠው በሠርግ ቀን ነው። ያላገባች ልጅ፣ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ፣ ከባሏ የተፋታች ሴት በዚያ ጥላ ሥር እኩል አትገባም። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ምን ይዛ ትጮኻለች? ስለዚህ ባህሉ ለሚስቶች ከለላ ሲሆን ለልጃገረዶች ሕጉንና ትምህርት ቤቱን አጥብቃችሁ ያዙ። ለመደፈርና ለጠለፋ ደግሞ በግ ታርዶ የሚያልቅ ካሳ በፍጹም አትቀበሉ።

ፎቶግራፍም አታንሡ። እዚህ አንድ በጎ ፈቃደኛ ቡድን ከገጠር ያመጣቸውን ሴቶች ፎቶ በፌስቡክ ለጠፈ፤ ፊታቸውን ቢሸፍንም በነጠላዋ ጥለት ተለይታ የታወቀች ሴት ነበረች፤ ወደ መንደሯ መመለስ አልቻለችም። የነጭ ሪባን ቀን ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 የሚዘልቀው የ16 ቀን ንቅናቄ መጀመሪያ ነው። ገንዘብ ለማሰባሰብ ተጠቀሙበት፣ የእነሱን ፊት ግን አታውጡ።

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ለአክስቴ ደውዬ አንድ በአንድ ነገርኳት። ሆቴሉን ስትሰማ «ላሚቱን ማን ያልባል?» አለችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ገንዘብ አልነበረም። «ወረዳ ስደርስ ነገ ተመለሺ ይሉኛል፤ ከሐዋሳ አንድ ሰው ደውሎ የእትዬ ጉዳይ የት ደረሰ ቢላቸው ነገ አይሉኝም» አለች። ከእኛ አንዷ ይህን ተረክባለች፤ ስልኳን ሌሊትም አትዘጋም፣ የመዝገብ ቁጥር እየያዘች ትከታተላለች። ሁለተኛው ማደሪያ ነው። የእሷን ቤት ሁሉም ስለሚያውቀው ጥቃት ሸሽተው የሚመጡት ልጆች ሌላ ቤት እንዲያድሩ ትፈልጋለች፤ ፈቃደኛ የሆነች መበለት አለች፣ ለበሯ ቁልፍና ለሌሊቱ ባትሪ እንገዛለን። በወጪው ሦስቱ ሴቶች እንደተባለው ተመርጠዋል። ቃሪቾዋን ታውቃታለች፣ በገበያው ቀን ታነጋግራታለች።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ያቺ ተማሪ አሁን አክስቴ ጋር ናት፣ ፈርታ ትምህርቷን አቋርጣለች። ባልደረቦቼ ወደ ሐዋሳ እናምጣትና አንዳችን ቤት ሆና ትማር ይላሉ። ምን ትላላችሁ?

የቀድሞ የወረዳ ባለሙያ፦

የሕግ ሰው ያረሙኝ ትክክል ነው፣ ተቀብያለሁ።

ልጅቷን በዚህ መልክ አታምጧት። ልባችሁ ቅን ነው፤ ነገር ግን ለትምህርት ተብለው መጥተው ሠራተኛ ሆነው የቀሩ ልጆች ሐዋሳን ሞልተዋታል። መጀመሪያ እሷ የምትፈልገውን ጠይቋት። እናቷ ከጋብቻው ጋር ነበረች ወይስ ዝም አሰኝተዋት ነው? ዝም ካሰኟት እናት ጋር ብዙ መሥራት ይቻላል። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ያቋረጠችበትን ምክንያት የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍላት፤ በዚያ ደብዳቤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ያዛውራታል። በሌላ ቀበሌ የምትታመን አክስት ወይም የእናቷ እህት ካለች እዚያ ትረፍ፤ የደብተሩን፣ የዩኒፎርሙን፣ የቀለቧን እናንተ ቻሉ። የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የት እንዳረፈች በጽሑፍ ይያዝ፣ የሚጎበኛትም ሰው ይመድብ። ዘመድ ከጠፋና ሐዋሳ መምጣቷ ግድ ከሆነ በዚያው ጽሕፈት ቤት በኩል ይሁን፤ በማን ቤት እንደምትኖርና ማን ኃላፊ እንደሆነ ተፈርሞ ይምጣ። ምዝገባ ሳያልፍ ርእሰ መምህሩን በዚህ ሳምንት አነጋግሩት።