አዳማ ላይ የአፍጋን ሩዝ የሚሠራ ቤት ታውቃላችሁ?

ሚሚ ዘፍራንኮ፦
ሰላም የአዳማ ልጆች። ዱባይ ዴራ ስሠራ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር አንዲት ትንሽ የአፍጋን ምግብ ቤት ነበረች። ደሞዝ ሲገባ ከጓደኞቼ ጋር ወርደን ካቡሊ እንበላ ነበር። የበግ ሥጋው ሩዙ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚመጣው፣ ላዩ ላይ ካሮትና ዘቢብ፣ ከጎኑ ደግሞ ከሳህኑ የሚተርፍ ትኩስ ናን፣ ጠፍጣፋ ዳቦአቸው። ጫማችንን አውልቀን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን በእጃችን ስንበላ የሚታዘበን የለም፣ እነሱም በእጃቸው ነው የሚበሉት። መጨረሻ ላይ ሄል የገባበት አረንጓዴ ሻይ ይመጣል። አሁን ጠቅልዬ ገብቻለሁ፣ ምላሴ ግን እዚያው ቀርቷል። ወንድሜ ሊመረቅ ነው፣ ለእንግዶቹ ይህን ሩዝ ላቀርብ አስቤያለሁ። እዚህ ከተማ የሚሠራ ቤት አለ? ከሌለ እቤት የሠራችሁ አስረዱኝ፣ እኔ ስሠራው ሩዙ ገንፎ እየሆነ አስቸገረኝ።

ባለ ባጃጁ፦
እህቴ፣ አዳማን ከጫፍ ጫፍ ስዞራት ነው የምውለው፣ የአፍጋን የሚል ታፔላ ግን ዓይኔ አይቶ አያውቅም። የዓረብ ሩዝ የሚሠሩ የሙስሊም ቤቶችን ብትጠይቂ ማንዲ ሊሠሩልሽ ይችላሉ፣ ያው ሩዝና ሥጋ አይደል። ለምርቃት ግን ቁርጥና ክትፎ እያለ ሩዝ ማለትሽ ገርሞኛል።

ኩሽና አይሰለቸኝም፦
ያው አይደለም ወንድሜ! ማንዲ ሥጋው ጉድጓድ ውስጥ ከሩዙ በላይ ተንጠልጥሎ በእንፋሎትና በጭስ የሚበስል የየመን ምግብ ነው። ካቡሊ ላይ ሥጋው መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ሩዙ የሚጣፍጠው በዚያ መረቅ ነው። እኔ ሻርጃ ስሠራ ጎረቤታችን የካቡል ሴት ነበረች፣ እጇን እያየሁ ነው የተማርኩት።

ሚሚዬ፣ ችግሩ ከሩዙ ነው። ከረጢቱ ላይ «ሴላ» የሚል ባስማቲ ፈልጊ። ሴላ ገና ከነገለባው ሳለ በእንፋሎት አልፎ የደረቀ ሩዝ ነው፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይላል፣ ቶሎ አይፈርስም። ሁለት ሦስት ሰዓት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላዪ፣ እንደ ወጥ ቁሌት ብዙ ቀይ ሽንኩርት ግን አይደለም፣ አንድ ሁለት ራስ ይበቃል፤ ጥቁር ቡኒ እስኪሆን ታገሺ እንጂ እንዳይቃጠል፣ የሩዙ ቀለም የሚመጣው ከእሱ ነው። የበጉን ሥጋ ከነአጥንቱ ጨምረሽ ጥበሺ፣ ከዚያ ውኃ፣ ጨው፣ ከሙን፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ። በርበሬና እርድ የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ። ሥጋው ሲበስል አውጪውና መረቁን አጥሪው።

ሩዙን ለብቻው ጨው ባለው የፈላ ውኃ ቀቅዪ። አንዷን ፍሬ በጣትሽ ስትጫኚያት ዳሯ ለስልሶ መሃሏ ገና ጠንከር ካለ ቶሎ አጥልዪው። እዚህ ላይ ስልክ ካነሳሽ ገንፎ ነው! ከዚያ ሥጋውን ድስቱ ሥር አድርጊ፣ ሩዙን ከላይ፣ መረቁን ትንሽ ትንሽ እያልሽ አርከፍክፊበት። መረቁ ሩዙን ማራስ ነው ያለበት፣ አይዋኝበትም። ክዳኑን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለሽ ግጠሚ፣ ፎጣው ጤዛውን ይይዘዋል። እሳቱን በጣም ቀንሰሽ ግማሽ ሰዓት ተይው። ካሮቱን እንደ ክብሪት እንጨት ቆርጠሽ በዘይትና በቁንጥር ስኳር ጠበስ አድርጊው፣ ዘቢቡን እስኪያብጥ ብቻ። ሁለቱንም በፎይል ጠቅልለሽ ሩዙ ላይ አስቀምጪ፣ አብሮ ይሞቃል። ሲቀርብ ነው የሚበተነው።

የወንጂ ልጅ፦
ምርቃቱ ጾም ላይ ከዋለስ? ደግሞ ከእንግዶቹ መሃል የሙስሊም ሥጋ የማይበላ፣ የክርስቲያን ሥጋ የማይበላም ይኖራል። እኔ ራሴ ዱባይ ለዕቃ ስመላለስ ሥጋቸውን አልነካም ነበር፣ ቦላኒ ነበር የማዘው። ቀጭን ቂጣ ነው፣ ድንችና ሽንኩርት ውስጡ ተደርጎ ታጥፎ ይጠበሳል፣ ሳንቡሳን የሚወድ ሰው ይወደዋል። ጥሩ የጾም ምግብ ነው፣ አጠገቡ የሚመጣውን እርጎ አስቀሪ ብቻ። ቦራኒ ባንጃንም አለ፣ በቲማቲም የበሰለ ደብርጃን፤ እሱም ላይ እርጎ ስለሚያፈሱበት ቀድመሽ መናገር ነው።

ሚሚ ዘፍራንኮ፦
ኩሽና፣ እጅሽ ይባረክ! የፎጣውን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። የወንጂ ልጅ እውነቱን ነው፣ በጉን እቤት ስለምናርድ የእኛን ጎረቤት ሙስሊሞች ምን ላብላቸው ብዬ አስቤ ነበር፣ ቦላኒውን በብዛት እሠራዋለሁ። ደግሞ ማንቱ የሚባለውን ታስታውሳላችሁ? በሊጥ የተጠቀለለ የተፈጨ ሥጋ፣ በእንፋሎት የበሰለ፣ ላዩ ላይ የነጭ ሽንኩርት እርጎና የክክ ወጥ። እርጎና ክክ አንድ ሳህን ላይ ሲመጣልኝ «ይሄማ ተሳስቷል» ብዬ ነበር፣ ከቀመስኩት በኋላ ግን ለጓደኞቼ አላካፍልም አልኩ።

ባለ ባጃጁ፦
እሺ ተሸነፍኩ። የሚጠበስ ሥጋ ግን የላቸውም እንዴ?

ኩሽና አይሰለቸኝም፦
እንዴት አይኖራቸውም! የበግ ሥጋና ላት እያፈራረቁ ሽቦ ላይ ሰክተው በከሰል ይጠብሳሉ። የእኛ ሰው ላቱን ቆርጦ ለወጥ ያስቀምጣል፣ እነሱ እሱን ነው መጀመሪያ የሚጨርሱት። ሚሚ፣ በጉን ስትገዢ ላቱ ወፈር ያለውን ምረጪ፣ ትንሽ አቅልጠሽ ለሩዙም ከዘይት ጋር ቀላቅዪው። ናኑን ግን እርሺው፣ ታንዱር ከሚሉት የሸክላ ምድጃ ውጭ ያ ጣዕም አይመጣም። እርሾ ያለው ሊጥ በጋለ ምጣድ ጠፍጠፍ አድርገሽ ጋግሪ፣ ጥቁር አዝሙድ በትኚበት፣ በትኩስነቱ አቅርቢ። አረንጓዴ ሻዩን ደግሞ በፔርሙስ አዘጋጂ፣ ከዚህ ሁሉ ቅባት በኋላ ሁሉም ይጠይቅሻል።