ያረጀ ቤት ፎቶ ሳነሳ ቆሻሻ ብቻ ይመስልብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያረጁ ቤቶችን ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን ሊፈርስ የተወሰነበት ፎቅ ቤት አገኘሁ። የውጭ ደረጃው እንጨት ነው። የእጅ መደገፊያው ሰው የሚጨብጠው ቦታ ላይ በእጅ ብዛት ለስልሶ ያብለጨልጫል፤ ፖሊሽ የተቀባ ነው የሚመስለው። ከሥሩ ግን አረንጓዴው ቀለም ተሰነጣጥቆ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነስቷል። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ስከፍት ግን የቆሸሸ እንጨት ብቻ። ያነሳሁት በስልክ ነው፣ ቀትር ላይ። ቀለሙን በኤዲቲንግ ባጎላው ጭራሽ ባሰበት። ያ ያየሁት ነገር የት ገባ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ስልኩ ምንም አላጠፋም። ችግሩ ብርሃኑ ነው። የተነሳው ቀለም የሚታየው ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስትመታው ነው፤ ያኔ እያንዳንዷ ቅርፊት ጥላ ትጥላለች። ማብለጭለጩ ደግሞ የሚወጣው ፊትሽን ወደ ብርሃኑ አዙረሽ፣ ስልኩን እስከ መደገፊያው ዝቅ ስታደርጊው ነው። ስክሪኑ ላይ የሚያበራውን ቦታ ንኪና ብርሃኑን ትንሽ ቀንሺው። ፀሐይዋን ከኋላሽ ካደረግሽ ሁለቱም ይጠፋሉ።

መልስ 2፦
ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ኡዤን አትዤ ይህንኑ ነበር የሚሠራው። እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ1927 እስኪሞት ድረስ የድሮዋን ፓሪስ በከባድ ካሜራና እንደ ፊልም በሚያገለግል የመስታወት ፕሌት ሲያነሳ ኖረ። መንገዱን ብቻ አይደለም፤ የበር ማንኳኪያና የደረጃ መደገፊያ ሳይቀር። አንቺም ከቅርብ ብቻ አታንሺ። መጀመሪያ ቤቱን ከነመንገዱ፣ ከዚያ ደረጃውን፣ መጨረሻ ላይ መደገፊያውን። ቅርፊቱ ብቻውን የየትም ቤት ሊሆን ይችላል።

መልስ 3፦
እኔ ቤት ጠጋኝ ነኝ። የግድግዳውንም ግርጌ እዪው። ከመሬት የወጣ እርጥበት ሲደርቅ ጨው ይተዋል፤ ጨዉ ልስኑን ከውስጥ እየገፋ ያረግፈዋል። ነጭ ዱቄት ካየሽ እሱ ነው። የኖራ ልስን ላይ ሲሚንቶ ከደረቡበትማ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ይብስበታል። ደግሞ አደራ፣ ደረጃው ላይ ስትወጪ መሃል መሃሉን አትርገጪ፤ ወደ ግድግዳው ተጠጊ።

ጠያቂዋ፦
ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ዝቅ ብዬ ሳየው መደገፊያው አውራ ጣት የሚያርፍበት ጋ ጎድጎድ ብሏል። ትናንት ይህን አላየሁትም ነበር! ሦስት ፎቶ ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ነጩን ዱቄት ነገ።