የኤሌክትሪክ መኪና ጥያቄ ላይ ተጣብቀናል፣ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር እየተሰበሰብን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና የምንዘጋጅ ነን። ወቅታዊ ጉዳይ ላይ አንድ ጥያቄ አላላውስ ብሎናል፦ «60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ከ20 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ባትሪው ውስጥ የሚገባው የ60ው 60 በመቶ፣ ማለትም 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ለ7 ሲካፈል 5.1 ሰዓት። (60ውን በሙሉ አካፍሎ 8.6 የሚል አለ፤ እሱ ስህተት ነው፣ 20 በመቶው ቀድሞ አለ፣ የመጨረሻው 20ም አይሞላም።) ግን ቻርጅ ሲደረግ ከሚሳበው 10 በመቶ ቢባክን፣ ከመስመሩ የሚሳበው 40 ይሆንና 5.7 ይመጣል። ምርጫው ላይ ሁለቱም አሉ! ብክነት ካልተጠቀሰ የቱን እንያዝ?

ሌላው ወደ አገር የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጥ ነው። ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባ ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5፣ ተገጣጥሞ ለሚመጣ 15 በመቶ ብለን አጥንተናል። አንዱ ማስታወሻ ግን ሁሉንም «ከቀረጥ ነፃ» ይላል። ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ መደረጉን ከጉምሩክ ቀረጡ ጋር አምታቶት ይመስለናል። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ የተከለከለበትን ጊዜ ጥር 2016 ብለን ይዘናል፤ 2024 የሚለው የፈረንጆቹ ነው።

ስሌቱን የምታውቁ ወንድም እህቶች፣ እባካችሁ ከነምክንያቱ ጻፉልን።