ከፈርኒቸር ቤት በተረፈ ቁርጥራጭ መዶሻና ስኳድራ መሥራት ያዋጣል?

የልደታው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ሰፈራችን ያለ ፈርኒቸር ቤት ቁርጥራጩን ለማገዶ ከመስጠቴ በፊት የምትፈልገውን ውሰድ ብሎኝ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ይዤ ገባሁ፣ ዋንዛ አለ፣ ደህና የወይራ ጉማጅ አለ፣ የባህር ዛፍ ሞራሌ፣ ሌላው ቺፑድና ኮምፔንሳቶ ነው። እቃ መግዛት አሁን የሚቀመስ አይደለም፣ ስለዚህ መሮ መምቻ የእንጨት መዶሻ፣ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያዋን) እና ያቺን በጣውላ ጠርዝ እየሄደች በምስማር ጫፍ መስመር የምትጭር ማስመሪያ ራሴ ልሥራ ብያለሁ። ያለኝ መጋዝ፣ መሮ፣ ሞረድና ድሪል ብቻ ነው። ከየቱ ምን ይወጣል? ደሞ የምሠራው ማታ ስለሆነ ጎረቤት ሳያባርረኝ በፊት ዘዴ ካላችሁ ወዲህ በሉ

ጎጃም በረንዳ፦
ወንድሜ ወይራውን ለመዶሻው ጭንቅላት አስቀምጠው፣ ዋንዛ ለመላግ ደስ ይላል ግን ለስላሳ ስለሆነ መሮ ስትመታበት ቶሎ ይጎደጉዳል። ዋናው ነገር አቆራረጡ ነው፣ ግንድ ሲቆረጥ ክብ ክቡ የሚታይበት ፊት መምቻው ይሁን፣ የእጀታው ቀዳዳ ደሞ በጎን ይግባ፣ ገልብጠህ ከሠራኸው በሳምንቱ ፍልጥ ነው የሚሆንልህ። ቀዳዳውን ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ አድርገው፣ እጀታውን ከላይ አስገባው፣ በመታህ ቁጥር ራሱ እየጠበቀ ይሄዳል፣ ምስማርም ኮላም አይፈልግም። ባህር ዛፉ እርጥብ ከሆነ አትንካው፣ ሲደርቅ ይጣመማል ይሰነጠቃል።

ዝም ብሎ አንባቢ፦
አቦ ለምን ትደክማለህ፣ ምናለሽ ተራ ወርደህ አሮጌውን ስኳድራ ገዝተህ አርፈህ አትቀመጥም

ሰጋቱራ፦
@ዝም ብሎ አንባቢ ምናለሽ ተራማ ለብረቱ ነው የሚኬደው፣ ያረጀ የመላጊያ ምላጭ ፈልጎ አካሉን ከእንጨት መሥራት ጥሩ ነው። ስኳድራ ግን ተጣሞ ቢሸጥልህ በምን ታውቃለህ? ተግባረ ዕድ ስንማር የተማርናት ቀላል መፈተሻ አለች፦ ፋብሪካ የቆረጠው የቺፑድ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው (ፈርኒቸር ቤቱ የቆረጠውን አትመን)፣ ስኳድራውን እዚያ አስደግፈህ በስል እርሳስ መስመር አስምር፣ ገልብጠህ ከዚያው ነጥብ ድገም። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ ክፍተቱ የስህተትህ እጥፍ ነው፣ ስለዚህ የምትሞርደው ግማሹን ብቻ ነው። የስኳድራውን ምላስ (መስመር የሚሰመርበትን ስስ ክንድ) ከኮምፔንሳቶ አውጣው፣ እንደ ጣውላ ከክረምት በጋ አያብጥም አይኮማተርም። መያዣው ደረቅ ዋንዛ ይሁን። እኔ የምወደው ግን በ2016 ፒያሳ ቤቶቹ ሲፈርሱ የወጣውን ጣውላ ነው፣ ስንት ዘመን የደረቀ እንጨት ነበር፣ አብዛኛው ማገዶ ሆኖ መቅረቱ እስካሁን ያናድደኛል።

ማስመሪያዋ ላይ የምስማሩን ጫፍ እንደ ሹል አትተወው፣ በሞረድ ግራና ቀኙን ጠፍጠፍ አድርገህ ቢላ አስመስለው፣ ሹሉ እንጨቱን አቋርጦ ሲያልፍ ይቦጫጭረዋል፣ ጠፍጣፋው ግን ይቆርጠዋል። ማጥበቂያዋን ብሎን ሳይሆን ትንሽ የወይራ ሽብልቅ አድርግላት።

የልደታው፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ! ጋሼም እንደዚሁ። ድምፁንስ? ደሞ መጨረሻ ላይ ምን ልቀባው?

ጎጃም በረንዳ፦
መጋዝ ማንንም አይረብሽም፣ የሚረብሸው ምቱ ነው። ጠረጴዛው እግር ሥር አሮጌ ምንጣፍ አጥፈህ አስገባ፣ የምትመታውንም መሀል ላይ ሳይሆን ልክ እግሩ አናት ላይ አድርገው፣ እንጨቱ አይነጥርም ድምፁም ይቀንሳል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ብቻ

ሰጋቱራ፦
የተልባ ዘይት ስስ አድርገህ ቀባው፣ ትርፉን ጥረገው፣ ጥሬው ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። የጠረግክበትን ጨርቅ ግን ጨብጠህ ሰጋቱራው ማዳበሪያ ውስጥ እንዳትወረውር፣ ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ጨርቁ ከተጨማደደ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። በረንዳ ላይ ዘርግተህ አድርቀው፣ ወይ ውሃ ውስጥ ንከረው።